ሁሉም ቀዳሚ የነበረበት ሳጥን

ሮቢት ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የተጣላሁት ከሰው ጋር አይደለም፤ ከሳጥን ጋር ነው። የወረዳው አስተዳደር ሕንፃ ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ ክፍል አለ። የሕንፃው የኮምፒውተር ገመድ ሁሉ እዚያ መጥቶ አንድ የብረት ሳጥን ላይ ይሰካል። ስዊች ይባላል። ሥራው ከአንዱ ገመድ የመጣውን ተቀብሎ ወደሚሄድበት ገመድ ማሳለፍ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመጣበት ደግሞ ማን ቀድሞ ይለፍ፣ ማን ትንሽ ይጠብቅ ብሎ መለየት አለበት። የሚለይበትን ደንብ የምንጽፍለት እኛ የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ነን፤ ማጣሪያ እንለዋለን። ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር አንድ ብቻ፣ እሱም ቀጭን ስለነበር፣ ያለ ማጣሪያ አይሠራም ነበር።

እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ተምሬ ስመለስ ጣርማ በር ላይ ሹራብ ደርቤ፣ ደብረ ሲና ላይ አውልቄ፣ ሮቢት ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነው የወረድኩት። የዚያች ክፍል ሙቀት ግን የሮቢትንም ፀሐይ ያስመሰግናል። በሩን ከፍቼ፣ ካርቶን ቀድጄ እያራገብኩ እሠራለሁ፤ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ‹‹አንቺ ልጅ፣ እዚያ ውስጥ ምን ትጠብሻለሽ?›› ይለኛል። እኔ ደግሞ ሲሞቀኝ ቁጡ ነኝ። ሳይሞቀኝም ቁጡ ነኝ።

ላይኛው ፎቅ አዳራሽ ውስጥ አንድ ትልቅ ስክሪን ነበር፤ ሰው ሁሉ ፕላዝማ ይለዋል። ለስብሰባ የመጣ ነው። በኋላ ግን ይግባኝ ሰሚው ችሎት በሩቅ ሆኖ በእሱ ጉዳይ መስማት ጀመረ፤ ዳኛው እዚያ፣ ባለጉዳዮቹ እዚህ። ገበሬው ለአንድ ቀጠሮ ብሎ ሽንኩርቱን ማሳ ላይ ጥሎ፣ አውቶብስ ተሳፍሮ፣ ሰው አገር አድሮ ከሚመለስ ይሻላል ተብሎ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነበር። መስመሩ እምቢ አለ እንጂ።

እትዬን ያወቅኋቸው በዚህ ምክንያት ነው። እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። የቀወት ገበሬ ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ወንዝ ዳር ባለች አንድ ቁራሽ መሬት ማሾና ሽንኩርት እያለሙ ይኖራሉ። የባላቸው ወንድም ‹‹ቦዩን ቆፍሬ መሬቱን ያለማሁት እኔ ነኝ›› ብሎ ከሰሳቸው፣ የታችኛው ፍርድ ቤትም ፈረደለት። ‹‹ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ›› ይላሉ እትዬ፤ ‹‹ባሌ ቢኖር ይሄ ሰው በማሳዬ ጥግ አያልፍም ነበር።›› እናም ይግባኝ አሉ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ስማቸው እንደተጠራ ምስሉ ድርቅ ብሎ ቀረ፣ ቀን ተለወጠ። በሁለተኛው ምስሉ ደህና ነበር፤ እትዬ ለመናገር ሲነሱ ግን ድምፃቸው ይቆራረጥ ጀመር። ከወዲያ ማዶ ‹‹ክቡር ዳ… ጎር… ቦ…›› ብቻ ነው የሚሰማው። ዳኛው ጆሯቸውን ወደፊት ቀስረው ‹‹እናቴ፣ አይሰማም፤ ይድገሙልኝ›› ይላሉ፤ እትዬም ይጮኻሉ። ሲጮኹ የሚብስ ይመስል ጭራሽ ጠፋ። በመጨረሻ ዳኛው፣ ‹‹በሚቀጥለው ቀጠሮም ካልተሰማ በጽሑፍ በቀረበው ብቻ እንወስናለን›› አሉ። በጽሑፍ የቀረበው ላይ ደግሞ፣ አቤቱታውን የጻፈላቸው ሰው ስለ ቦዩ አንዲት ቃል አላነሳም። በጽሑፍ ብቻ ተወሰነ ማለት መሬቱ ሄደ ማለት ነው።

ችሎቱ እንደተነሣ እትዬ ደረጃውን ወርደው እኔ ክፍል በር ላይ ቆሙ።

‹‹ልጄ፣ ድምፄን የሚውጠው እዚህ ነው?››

‹‹እዚህ ነው እትዬ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።››

ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። ‹‹ይቺ ናት? አንድ ቁና ጤፍ እንኳ የማትይዝ!›› አሉ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ‹‹ስሚኝ። የሚፈረድብኝ ከሆነ ይፈረድብኝ። ብቻ ቃሌ ይድረስ። ሰምተውኝ ከፈረዱብኝ የእግዜር ነው ብዬ እተኛለሁ። ሳይሰሙኝ ከፈረዱብኝ ግን መቃብርም ውስጥ እንቅልፍ የለኝ።››

አንጀቴን በሉት። ‹‹ይደርሳል እትዬ፣ በሞቴ ይደርሳል›› አልኋቸው። እሳቸው መርቀውኝ ሄዱ። ምን በወጣኝ! እንዴት እንደሚደርስ እኔ ራሴ የማውቀው ነገር አልነበረም። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ወደ ደሴ ተዛውሮ ነበር። ደግ ሰው ነበር ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የጻፋቸውን ደንቦች ከፍቼ ሳነብ ደግነቱ ሊገድለኝ። ለካ ይህ ሰው እምቢ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አንዱ ኃላፊ መጥቶ ‹‹የኔ ኮምፒውተር ይቅደም›› ሲለው አስቀድሞታል። ኃላፊውን አስቀድሞ ምክትሉን መተው ነውር ነው፣ ምክትሉን አስቀደመ። ጸሐፊዋ ደግሞ የአበ ልጁ ኖራለች፣ እሷንስ እንዴት ይተዋል? መዝገብ ቤት ያሉት ሽማግሌ የክርስትና አባቱ ጓደኛ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ደንብ ቢሆን ደግ፤ ለደብዳቤው አንድ፣ ለማተሚያው አንድ፣ ለኢንተርኔቱ አንድ እያደረገ፣ ማንንም ላለማስቀየም ሕንፃውን በሙሉ አስቀደመው። አይ ይሉኝታ! ሁሉም ቀዳሚ ሲሆን ቀዳሚ የሚባል አይኖርም እኮ።

የችሎቱ ደንብ የት አለ ብዬ ዝርዝሩን ስወርድ፣ ስወርድ፣ መጨረሻ ላይ አገኘሁት። አልረሳውም ነበር፤ ‹‹የአዳራሹ ካሜራ ይቅደም›› ብሎ ጽፏል። ታዲያ ለምን አይቀድምም? ከእያንዳንዱ ደንብ ጎን ቆጣሪ አለ፤ ደንቡ በሠራ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። የአዳራሹን ካሜራ ከፍቼ ሮጬ ወርጄ አየሁ፤ ዜሮ። ወጥቼ ዘግቼ፣ እንደገና ከፍቼ፣ እያለከለክሁ ወርጄ አየሁ፤ አሁንም ዜሮ።

ነገሩ የገባኝ መመሪያውን ሳገላብጥ ነው። ይህ ሳጥን ደንብ የሚይዝበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው እኛ የምንጽፍበትና የምናነብበት ነው፤ ሰፊ ነው፣ የፈለግነውን ያህል ይጽፍልናል። ሁለተኛው ከውስጡ ያለው፣ ማለፍና መጠበቅ በእውነት የሚለይበት ነው፤ እሱ ጠባብ ነው። ያ ሲሞላ የተረፈው ደንብ ላይ ላዩን ተጽፎ ይቀራል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። የእትዬ ደንብ ነበረ፣ በሥራ ላይ አልዋለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ አዲስ ነገር ነው አልልም።

እንግዲያው ምን ቸገረኝ ብዬ የጡረተኞችንና የተዛወሩትን ደንቦች ሰረዝኩና የችሎቱን አናት ላይ አወጣሁት። ቆጣሪው ተንቀሳቀሰ! እልል ልል ስል አዳራሽ ወጥቼ ባየው ምስሉ አሁንም ይንተባተባል። ለምን ቢባል፣ ችሎቱ ቀዳሚዎቹ የሚሰለፉበት ሰልፍ ውስጥ ገባ እንጂ ሕንፃው በሙሉ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ነዋ! ያ ሰልፍ ደግሞ ለጥቂቶች ተብሎ አጭር ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሁሉም ሲታጎርበት ግማሹ እየወደቀ እንደገና ይላካል። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ማንን ላስወጣ፣ ማንን ልተው እያልኩ ሰው ስመርጥ ሰነበትኩ። አንዱን ሳነሳ ሌላው ያሳዝነኛል። የደሴው ሰውዬ በሽታ እኔንም ይዞኝ ነበር።

በዚህ መሀል የአጎቴ ልጅ ሠርግ ደረሰ። የኔ የአባቴ ወገን እስላም፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን ነው፤ ይፋት ውስጥ እንደዚህ ያልሆነ ቤት ፈልጉ ብትሉኝ ይቸግረኛል። ሰዉ ተጋብቶ ተዋልዶ አንድ ነው፣ የሚበላው ሥጋ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ሠርግ ሲሆን ዳስ ሁለት ነው፤ ለየራሱ ይታረዳል፣ ለየራሱ ይቀርባል፣ ዘፈኑ ብቻ የጋራ ነው። እንግዳውን በር ላይ ተቀብሎ ወደየዳሱ የሚያሳልፍ አንድ ሰው ይቆማል። በዚያ ሠርግ ላይ የቆሙት አጎቴ ናቸው፣ የሙሽራው አባት አይደሉም፣ ሌላኛው፤ አገሩን ሁሉ አውቃለሁ የሚሉት።

ማወቃቸው ጉድ አፈላ! እያንዳንዱን እንግዳ አቁመው፣ ‹‹የማን ልጅ ነህ? እናትህ የዚያ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እህት አይደለችም? ታዲያ አያትህ የሰንበቴው ናቸዋ! ደህና ናቸው? ከብቱስ?›› ይላሉ። ዘር ቆጥረው፣ ሐዘኑን ጠይቀው፣ ደስታውን መርቀው፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዳሱ የሚለቁት። ሰልፉ አስፋልቱ ዳር ደረሰ። ጥር ነው ቢባልም የሮቢት ፀሐይ ጥር አታውቅም። ሽቶው፣ ላቡ፣ የሕፃናቱ ለቅሶ! ዘወር ብዬ ሳይ ሙሽራው ራሱ፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ከነሚዜዎቹ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሟል። ገና የሚዜዎቹም ዘር ሊቆጠር ነው!

እኔ እንዲህ ያለውን አልችልም። ‹‹ኧረ ጋሼ!›› ብዬ ጮህኩ። ‹‹ዘሩ ምን ያደርግልዎታል? ሥጋውን ጠይቀው ይልቀቁት!›› ከዚያ መልስ ሳልጠብቅ በሩ መሀል ቆሜ፣ ‹‹እስላም በግራ! ክርስቲያን በቀኝ! ሙሽራ በመሀል!›› አልኩ። ሰዉ በሳቅ ፈርሶ፣ በግራም በቀኝም እየተገፋፋ ገባ፤ ሙሽራውም መሀል ለመሀል ሰንጥቆ አለፈ። አጎቴ ‹‹እንግዳ እንደ በግ ትነጂብኛለሽ?›› ብለው አኮረፉኝ፣ ኩርፊያውም እስከ መልስ ድረስ ዘለቀ።

ሁለተኛውን ጉርሻ ጎርሼ እያለሁ ነው ብልጭ ያለልኝ። አፌ ሞልቶ፣ ሳላላምጥ ቀረሁ። አጠገቤ የተቀመጡት የእህቴ ባል እናት ያነቀኝ መስሏቸው ጀርባዬን ደበደቡኝ። ለካ ስንት ቀን ሙሉ እኔም በር ላይ ቆሜ የማን ልጅ ነህ እያልኩ ነበር። ጥያቄው ማን ነው አይደለም፤ ምን ዓይነት ነገር ነው፣ በየት በርስ ገባ ነው። ያን ብቻ ከጠየቅን ደንቡ ጣት አይሞላም።

ሰኞ ዕለት ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ‹‹ጋሼ፣ የሁሉንም ሰው ቅድሚያ ላጠፋው ነው›› አልኋቸው።

‹‹ጎሽ! ደግ አደረግሽ፤ ሥርዓት ያስፈልጋል›› አሉ። በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ‹‹የኔን ብቻ ተይልኝ።››

‹‹የእርስዎን ከተውኩማ የምክትልዎን ልተው ነው፣ የምክትልዎን ከተውኩ የጸሐፊዋን።››

‹‹እኔ ኃላፊ አይደለሁም እንዴ?››

‹‹ነዎት ጋሼ፣ ማን ካደ! ግን እንዲያ ከሆነ ለቀወቷ ሴትዮ እርስዎ ይንገሩልኝ። ‘የኔ ደብዳቤ እንዲቀድም ነው የእርስዎ ቃል ያልደረሰው’ ይበሏቸው።››

እኔው ራሴ ደነገጥኩ፤ ምላሴ ቀድሞኝ ነው። እሳቸው ግን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ‹‹ያንቺስ ምላስ አይጣል ነው! በይ አጥፊው። ብቻ እኔ እንደፈቀድኩ ለማንም እንዳትናገሪ፣ የሚቀየመኝ ብዙ ነው።››

ያን ቀን ያገኘሁትን ደስታ በምን ልንገራችሁ? ደንቦቹን አንድም ሳላስቀር አጠፋኋቸው። ጋሼ የለ፣ እትዬ የለ፣ የአበ ልጅ የለ። ከዚያ አዲሶቹን ጻፍኩ። አንደኛ፣ ከአዳራሹ ካሜራ ሶኬት የገባ ሁሉ ይቅደም፤ ማን ነህ፣ ወዴት ነህ ብሎ መጠየቅ የለም፣ በዚያ በር ከገባ ሙሽራ ነው። ሁለተኛ፣ ደመወዝ እንዳይዘገይ የፋይናንስ ክፍል ሥራ ይከተል፤ የኮምፒውተሮቻቸው የአድራሻ ቁጥር እዚህም እዚያም የተበተነ ስለነበር ተከታታይ አድርጌ ቀየርኩትና ክፍሉን በሙሉ በአንድ ደንብ ጠቀለልኩት። የቀረው ሁሉ እንደ አመጣጡ ይለፍ። ሳጥኑ ደንብ የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነው፣ የሚገጥመውን ሲያገኝ ያቆማል፤ ስለዚህ ብዙ የማያስነብብ ሲሆን እሱም እፎይ ይላል። ካሜራውን ከፍቼ ስወርድ የአንደኛው ደንብ ቆጣሪ ዓይን እስኪያዞር ይሮጣል። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ኩርፊያውን ለመቀበል ወገቤን ታጥቄ መጣሁ። መጀመሪያ የመጣው ምክትል ኃላፊው ነው። ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ፣ ‹‹አንቺ፣ ምን አደረግሽልኝ? ኮምፒውተሬ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም! የኔን ቅድሚያ ከፍ አደረግሽው አይደል? ተባረኪ፤ ለሌላው ግን እንዳትነግሪ›› አለኝ። እሱ ሲወጣ ጸሐፊዋ ገባች፣ ያንኑ አለች። ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ያሉት ሽማግሌ አንድ ዘንቢል ማንጎ ይዘውልኝ መጡ። ሁሉም በሹክሹክታ አመሰገነኝ፣ እኔም ማንጎዬን በላሁ።

የቀጠሮው ዕለት እትዬ በባጃጅ መጡ። ባጃጅ ያኔ ለሮቢት አዲስ ነው፤ ‹‹ይሄ ሦስት እግር አንጀቴን ናጠው›› እያሉ ነጠላቸውን አስተካከሉ። የባላቸው ወንድም ኮት ለብሶ፣ ወረቀቶቹን በላስቲክ ከትቶ ወዲያኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔ ቆጣሪው የሚታይበትን ኮምፒውተር ጉልበቴ ላይ ይዤ ጥጉን ያዝኩ። መብራት እንዳይሄድ በእናቴ ወገን ሚካኤልን፣ በአባቴ ወገን አላህን፣ በሁለቱም በኩል ለመንኩ።

ዳኛው ብቅ አሉ፣ የጺማቸው ሽበት ሁሉ ይለያል። ‹‹ይግባኝ ባይ፣ ይሰማል?››

‹‹እኔስ እሰማለሁ›› አሉ እትዬ፤ ‹‹እርስዎ ይሰሙኛል?››

‹‹በደንብ ይሰማል እናቴ። ይቀጥሉ።››

እትዬ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ፣ ሲጀምሩ ደግሞ ማን ያቆማቸዋል! ‹‹ጎርፉ የድሮውን ቦይ የወሰደው ባሌ አልጋ ላይ ሳለ ነው። ማሾው በውሃ ጥም ሊያልቅ ሆነ። እኔ በዶማ ቆፈርኩ። ቀን ቆፈርኩ፣ ባሌን አገላበጥኩ፣ ተመልሼ ቆፈርኩ። ጎረቤት እስላሙም ክርስቲያኑም ድንጋይ አነሳልኝ። መዳፌን ይዩልኝ!›› ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ። ዳኛው አጎንብሰው ቀረብ አሉ። ‹‹ይሄ ሰው ያኔ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ሑመራ ነበር። የወንድሙ ቀብር ላይ ነው የመጣው። ራሱን ይጠይቁልኝ።››

ዳኛው ወደ ሰውየው ዞሩ። ‹‹መልስ ሰጪ፣ ቦዩ በሚቆፈርበት ጊዜ ቀዬው ላይ ነበሩ?››

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ሰውየው አይንቀሳቀስም። ዳኛውም መልስ ሲጠብቁ አይንቀሳቀሱም። አዳራሹ ውስጥ ድምፅ የለም። ከኋላዬ አንዱ ‹‹ሄደ!›› አለ፤ ሌላው ‹‹ዛሬም ተቋረጠ›› ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። እትዬ ‹‹ወይኔ ልጄ!›› ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ዳኛውም፣ ‹‹ባለሙያ፣ መስመሩ ተቋርጦ ነው?›› ሲሉ ጠየቁ።

ጉልበቴ ላይ አየሁ። ቆጣሪው ይሮጣል።

‹‹መስመሩ ደህና ነው፣ ክቡር ዳኛ›› አልኩ። ‹‹ሰውየው ናቸው ዝም ያሉት።››

ሰዉ ሁሉ እሱን አየው። ወረቀቶቹን ጉልበቱ ላይ ሲያገላብጥ፣ ሲያገላብጥ ቆይቶ አንገቱን ደፋ። ‹‹አልነበርኩም›› አለ። ‹‹ቦዩን ያወጣችው እሷ ናት።››

እትዬ አላለቀሱም፣ አልጮኹም። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ ‹‹ይሄንንም ሰሙት?›› አሉ።

‹‹ሰማሁት እናቴ›› አሉ ዳኛው። ‹‹ይጻፍ።››

የታችኛው ፍርድ እዚያው ተሻረ፣ መሬቷም በእትዬ እጅ እንድትቆይ ተወሰነ። ችሎት ፊት እልል አይባልም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ እልል ያልኩት ግን እኔ ነኝ። አዳራሹ ተቀበለኝ፣ ኮሪደር ላይ የቆሙትም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሉ። ዳኛው ጸጥታ፣ ጸጥታ እያሉ በእጃቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ፤ እልልታችን ሳይቆራረጥ እየደረሳቸው ይስቁ ነበር።